ባለ አልጋዋና የጋሽ ዘለቀ ተልባ

የሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ የጋሽ ዘለቀን መርዶ ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ እንባ ሳይሆን ማቅለሽለሽ ነው። ንፋስ መውጫ ገበያ ዳር ቆሜ ጫማዬ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ በእንጨት ስፍቅ፣ ከእስቴ የመጣ አንድ የማውቀው የቆዳ ነጋዴ ጠጋ ብሎ ሰላም አለኝ። ስለ ዝናቡና ስለ ገብሱ ካወራን በኋላ፣ «ያ የባለ አልጋዋ ሹፌር ዐረፈ እኮ፤ ዓርብ ቀበርነው» አለኝ። «ነፍስ ይማር» አልኩ። ይህን እያልኩ አፍንጫዬ ውስጥ የተቀቀለ ተልባ ሸተተኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያልለቀቀኝ ሽታ ነው።

ሰው ሲሞት ደግ ደጉን ማውራት የአገራችን ወግ ነው። በሕይወቱ ሳለ ያልጠየቁት ሁሉ ሬሳው ላይ ሲደርሱ ወዳጁ ይሆናሉ። እኔ ግን ጋሽ ዘለቀን ስጸየፈው ነው የኖርኩት። ያልተጸየፍኩት አስመስዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል፤ በእሱ ላይ ደግሞ ከዚህ ቀደም አንድ ውሸት ጽፌአለሁ፤ እሱ ይበቃኛል።

በጃንሆይ ዘመን ነው። የድሬሰርነት ትምህርቴን እንደጨረስኩ መካነ ኢየሱስ ከምትገኝ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ተመደብኩ። ክሊኒኳ ሁለት ክፍል፣ አንድ ዘበኛ፣ አንድ ሹፌርና አንዲት መኪና ነበራት። ሹፌሩ ጋሽ ዘለቀ ነው። መኪናዋን ደግሞ አገሬው «ባለ አልጋዋ» ይላት ነበር።

ባለ አልጋዋ ፈረንጆች ውስጧ እያደሩ አገር ሊያዩባት ያመጧት አሮጌ መኪና ነበረች። ደብረ ታቦር ላይ ሞተሯ እንደ ሽሮ ድስት እየተንተከተከ ሲያስቸግራቸው ጥለዋት ሄዱ። ከብዙ መጻጻፍ በኋላ ለእኛ ደረሰች። ከኋላዋ አልጋ፣ ትንሽ ቁም ሳጥንና የእጅ መታጠቢያ ነበራት። ጣራዋ ላይ ደግሞ ውስጧን ያቀዘቅዛል የተባለ ማራገቢያ ተተክሏል፤ እኔ ስደርስ ግን ማራገቢያው ከሞተ ቆይቶ ወፍ ጎጆ ሠርታበት ነበር። ሞተሯ ያለው በሹፌሩና በጎኑ በሚቀመጠው ሰው መካከል ነው። ስለዚህ እሷ ስትግል እኛም አብረናት እንግል ነበር።

በሽታዋ ራዲያተሯ ነው። ራዲያተር የሞተሩ ውሃ እየተዘዋወረ የሚበርድበት፣ በቀጫጭን ቱቦ የተሠራ ሳጥን ነው። የባለ አልጋዋ ራዲያተር ከታች መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቆ ውሃ ያፈስ ነበር። ብየዳ ይፈልጋል፤ ብየዳ ያለው ጎንደር ነው፤ ወደ ጎንደር ለመላክ የበላይ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሦስት ጊዜ ጻፍን። ደብረ ታቦር የሚቀመጠው አለቃችን በእጄ የወሰድኩለትን ሦስተኛ ደብዳቤ አንብቦ ሳይጨርስ ስቆ፣ «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ከዚያ ሰው ይህን የመሰለ መልስ መስማት ለእኔ አዲስ አልነበረም።

ጋሽ ዘለቀ ግን ለሳቁም ለደብዳቤውም ግድ አልነበረውም። ከወንበሩ ሥር አንድ የጨርቅ ቋጠሮ ያስቀምጣል፤ ውስጡ ያልተቆላ ተልባ ነው። ስንነሣ ከተልባው ሁለት እፍኝ በጣሳ ሙቅ ውሃ ይዘፈዝፋል። ተልባው እንደ ንፍጥ ሲዝለገለግ ክዳኗን ከፍቶ ያጠጣታል። ውሃው ሲፈላ ልጋጉ ስንጥቁን ፈልጎ ሄዶ ይደፍነዋል። ይሠራል፤ አልዋሽም። ግን ዳገት ላይ ስትገነፍል ከክዳኗ ሥር የሚወጣው ቡናማ አረፋ፣ ፍሬው እየተንሳፈፈበት፣ ሞተሩ ላይ ሲጠበስ የሚሸተው ሽታ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ አንጀት ይገለብጣል።

ከዚያ የባሰው ጣሳው ነው። በዚያው ጣሳ ተልባ ይዘፈዝፍበታል፣ ከራዲያተር ውሃ ይቀዳበታል፣ ሲጠማው ደግሞ ይጠጣበታል። ውሃዋንም ይቀምሳል። ክዳኑን በጋቢው ጫፍ ይዞ ይከፍታል፤ ጣቱን ይነክራል፤ ከዚያ ጣቱን ይልሳል። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት አላስቻለኝም።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ይሄ እኮ ዝገት ነው፣ ቅባት ነው» አልኩት።

«ዘይት ገብቶበት እንደሆነ የሚነግረኝ ምላሴ ነው» አለ።

«ቢመርዝህስ?»

«እሷን ያልገደለ እኔን ይገድለኛል ብለህ ነው?»

ሱረቱን ከከንፈሩ ሥር አስተካከለና ወደ ጎን እንትፍ አለ። ምራቁ ከጫማዬ አንድ ስንዝር ርቆ አረፈ።

ጠዋት ጠዋት እጄን ሳይጨብጠኝ አያልፍም ነበር። እጁ ያሙለጨልጫል፤ ግሪስ ይሁን ተልባ አይለይም። ዘወር ሲልልኝ እጄን በመሐረቤ እጠርጋለሁ። አንድ ቀን ድንገት መለስ ሲል ስጠርግ አየኝ። በማግስቱም እንደ ልማዱ መጥቶ ጨበጠኝ።

ማሞቂያውንም አልረሳውም። ያቺ መኪና ለብርድ አገር የተሠራች ናትና ከሞተሩ ሙቀት እየሳበ ወደ ውስጥ የሚነፋ ማሞቂያ ነበራት። የሚያቀዘቅዘው ነገር ሲሞት የሚያሞቀው ሳይሞት መቅረቱ የኛ ዕድል ነው። ሞተሯ መጋል ሲጀምር ጋሽ ዘለቀ ማሞቂያውን ይከፍታል፤ ሙቀቱን ወደ እኛ ካልሳበው ሞተሩ ይቃጠላል ባይ ነው። በመጋቢት፣ በቀትር፣ አቧራ እንዳይገባ መስኮቱ ተዘግቶ፣ በዚያ ላይ ማሞቂያ። ሸሚዜ ገላዬ ላይ ይጣበቃል። የሱ ጋቢ ጠረን፣ የሱረቱ ጠረን፣ የተልባው ጠረን ተደባልቆ ፊቴ ላይ ይነፋል። «ዝጋው!» ስለው፣ «ትኩሳቷን እንካፈላት እንጂ፣ ብቻዋን ትቻለው?» ይለኛል። ስለ መኪናዋ ሲያወራ ስለ አሮጊት እናቱ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

አንድ ጊዜ በዐቢይ ጾም የፈንጣጣ ክትባት ይዘን ወደ ስማዳ ስንሄድ ተልባው አለቀበት። መንገድ ዳር ካለ አንድ ቤት ደጅ አቆመና አንዲት ባልቴት አስጠራ። እኔም ከመኪናዋ ወርጄ አየር እየሳብኩ ነበርና ንግግራቸውን ሰማሁ።

«እናቴ፣ እንዴት ዋሉ? ጥቂት ተልባ ለታመመች ይሰጡኛል?»

«እግዜር ይማራት። ምኗን ነው ያመማት?»

«ውስጧን ያቃጥላታል። የጠጣችው አይረጋላትም።»

«አሮጊት ናት?»

«አዎ፣ አርጅታለች።»

ሴትዮዋ ገብታ በቅል ሙሉ አምጥታ ሰጠችው፤ «ስለ ሥላሴ ብላችሁ አጠጧት» ብላ። ከዚያ በሽተኛይቱን ልትጠይቅ ተከተለችው። ጋሽ ዘለቀ ተልባውን ዘፍዝፎ በብረቷ አፍ ሲያንቆረቁር ቆማ አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አንተ! የጾም እህል ለብረት?»

«እናቴ፣ እርስዎ እኮ ለታመመ ነው የሰጡት። የምትወስደው መድኃኒት ለልጅ ነው፤ እሷ ካልደረሰች ልጁም አይደርስም።»

ሴትዮዋ ቅሏን ተቀብላ ወደ ጣሳው ጎንበስ ብላ አየች። «እንግዲያስ እንዳይጓጉል በደንብ እሸው» አለችው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ሲያሹ እኔ ፊቴን አዞርኩ። 

ነገሩ የሆነው በዚያው ጾም ነው። ጋሽ ዘለቀ ቤተ ልሔም ደብር ድጓ የሚያስተምሩ አጎቱ የኔታ ታመውበት ሊጠይቅ ለአንድ ሳምንት ተነሣ። ሲሄድ በር ላይ ቆሞ፣ «ሐኪም፣ ባለ አልጋዋን አትንካት። ቆሻሻዋ ነው የያዛት» አለኝ። እኔ ይህን የሰነፍ ሰው ምክንያት አድርጌ ወሰድኩት። የማያጥብ ሰው ሁሉ ቆሻሻው እንደሚጠቅም ያስረዳሃል።

በሁለተኛው ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት ጎብኚ ይመጣል የሚል ወሬ መጣ። ክሊኒኩን አስጠርጌ፣ ግድግዳውን በኖራ አስቀብቼ ስጨርስ ዓይኔ ባለ አልጋዋ ላይ ወደቀ። መሐረቤን አፍንጫዬ ላይ አስሬ ራዲያተሩን ከታች ከፈትኩት። የወጣው ነገር አሁንም ሕልሜ ውስጥ ይመጣል፤ ጠቆር ያለ፣ እየተሳበ የሚወርድ፣ እንደ በሰበሰ እንቁላል የሚሸት ዝልግልግ። በሽቦ ጎረጎርኩት። አመድና ሳሙና የበጠበጥኩበት የፈላ ውሃ ስድስት ጊዜ ለቀቅሁበት። መጨረሻ ላይ የሚወጣው ውሃ ጠራ። ከወንበሩ ሥር ያለውን ቋጠሮም፣ የአይጥ ኩስ ስላየሁበት፣ እሳት ውስጥ ጣልኩት። በፋሻ ያጣራሁትን ንጹሕ ውሃ ሞላሁባትና ሥሯን አየሁ። ጠብ አላለችም። ለካ ቆማ ስትቀዘቅዝ አታፈስም፤ ስንጥቋ የሚከፈተው ስትግል ነው። እኔ ግን ይህን ከየት አውቄ? ዳር ሆኜ ሥራዬን እያየሁ ኮራሁ።

ጎብኚው አልመጣም። በስድስተኛው ቀን ጠዋት የመጣው ሰይድ የሚባል የከተማችን የጨርቅ ነጋዴ ነው። ሚስቱ ዘይነባ ምጥ ከያዛት ሦስተኛ ቀኗ ነው። በተጋቡ በሰባት ዓመታቸው ያረገዘችው የመጀመሪያ ልጅ ነበር። ቤታቸው ሄጄ ላያት ብል ሰይድ በሩ ላይ ቆሞ እያመነታ አላሳልፍ አለኝ፤ ወንድ እንዲነካት አልፈለገም። ይህን ስንባባል ጋሽ ዘለቀ ከቤተ ልሔም ተመልሶ ከነመንገድ አቧራው ደረሰ። ሰይድን ትከሻውን ይዞ ወደ ጎን ሳብ አደረገውና፣ «ይሄ ልጅ እጁ ንጹሕ ነው። እኔን እንኳ ይጸየፈኛል» አለው። ሰይድ ወደ እኔ አየና መንገዱን ለቀቀልኝ።

ዘይነባ ፊቷ አመድ መስሏል። የእንጨት ማዳመጫ ቀንዴን ሆዷ ላይ አድርጌ ሳዳምጥ የልጁ ልብ ይመታል፤ ፈጠን ፈጠን እያለ፣ ግን ይመታል። ልጁ ተጋድሞ ቀርቶ ነውና በእኔ እጅ የሚሆን አልነበረም። ደብረ ታቦር ሆስፒታል እስከ ቀትር ከደረስን ሁለቱም ይተርፋሉ አልኩ። በራሴ አፍ ነው ይህን ለሰይድ የነገርኩት።

መኪናዋ ውስጥ ካለው አልጋ ላይ ስናስተኛት ጋሽ ዘለቀ ሞተሩን ቀስቅሶ ወደ እኔ ዞረ።

«ነክተሃታል እንዴ?»

«ውሃዋን ብቻ ነው የሞላሁት» አልኩት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ፈርቼ አልነበረም። አንድ ሱረቱን የሚተፋ ሰው ፊት ጥፋተኛ መሆን ነው ያልዋጠልኝ። እሱም ቃሌን አመነ፤ ሰዓቱም ይሄዳልና ተልባ ሳይዘፈዝፍ፣ ሳይፈትሽ ተነሣ።

ዳገቱ ላይ ስንደርስ መጋል ጀመረች። ማሞቂያውን ከፈተ። ከኋላ ዘይነባ ታቃስታለች፤ ሰይድ በነጠላው ያራግብላታል፤ ማሞቂያው እሳት ይነፋባታል። ጉና ከሩቅ ሲታየን እንፋሎቱ ከፊታችን ቡን ብሎ መስተዋቱን ሸፈነው። ቆመን ወረድን። ከሥሯ ውሃው እንደ ላም ሽንት ይወርዳል። ጋሽ ዘለቀ ክዳኗን በጋቢው ከፈተ፣ ጣቱን ነከረ፣ ላሰ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ወደ ወንበሩ ሄዶ እጁን ሥሩ ሰደደ። ቋጠሮው የለም። እንደገና አየኝ።

«ምንድነው? ምን ሆነች?» አለ ሰይድ።

አፌን ልከፍት ስል ጋሽ ዘለቀ ቀደመኝ። «የኔ ጥፋት ነው፣ ሰይድ። ሳልፈትሻት ተነሣሁ» አለና ጣሳውን ይዞ ቁልቁል ወደሚታየው መንደር ሮጠ። ዕድሜው ከሃምሳ በላይ ነው፤ እግሩም ከቤተ ልሔም መንገድ ገና አላረፈም።

እኔ ወደ አልጋው ተመለስኩ። ውስጡ ምድጃ ሆኗል። ቀንዱን አድርጌ ሳዳምጥ ልቡ ይመታል፤ ግን ዘገም ብሏል። ሰይድ ዓይን ዓይኔን ያያል። «አለ» አልኩት። ጥቂት ቆይቼ ደግሜ አዳመጥኩ። «አለ» አልኩት። ጋሽ ዘለቀ በአንድ እጁ ጣሳውን በሌላው እንስራ ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ ስናየው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ጆሮዬን ቀንዱ ላይ ጣልኩ። ረጅም ጊዜ ጣልኩ። ምንም የለም። ሰይድ «አለ?» ሲለኝ፣ «አለ» አልኩት።

የመጣው ተልባ የጾም ተልባ ነው፤ ተቆልቶ የተወቀጠ። እንደ ጥሬው አይዝለገለግም፤ እንደምንም ደፈነላት። ደብረ ታቦር የደረስነው ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። ዘይነባ ተረፈች። ልጁ ወንድ ነበር።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ጋሽ ዘለቀ ከግንቡ ሥር ተቀምጦ ነበር። ከጎኑ ሄጄ ቆምኩ። «ለምን እንዲያ አልክ?» አልኩት።

«እሷ ባንተ እጅ ነበረች» አለኝ ወደ መሬት እያየ። «ባሏ አንተን ከተጠራጠረ ማን ይነካታል? መንገድ ላይ ሌላ ሐኪም የለ። እኔን ቢጠላኝ ምን ይጎዳል፤ የኔ ሥራ መንዳት ነው።» ትንሽ ቆየና፣ «ኀዘኑ ሲበርድለት አንተ ትነግረዋለህ» አለኝ።

አልነገርኩትም። በሳምንቱ አለቃችን ስለ ነገሩ በጽሑፍ አስረዳ አለኝ። በዚያ በሚመሰገንልኝ ጥርት ባለ የእጅ ጽሕፈቴ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ሹፌሩ ራዲያተሩን ሳይፈትሽ በመነሣቱ» ብዬ ጻፍኩ። እሱ ራሱ ያለው ነው፤ እኔ ምን ጨመርኩ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ያ በሦስቱ ደብዳቤዎች ሲስቅ የኖረ ሰው ለዚህኛው በሦስት ቀን መልስ ሰጠ። ጋሽ ዘለቀ ተሰናበተ። የሄደ ቀን መጥቶ እጄን ጨበጠኝ። ከዓይኔ ውስጥ አንድ ነገር የሚፈልግ ይመስል ትንሽ ያዝ አድርጎ ቆየና ለቀቀኝ። ዘወር ሲል መሐረቤን አውጥቼ እጄን ጠረግሁ። ልማድ ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ የሚያቅለሸልሸኝ ከተልባው ይልቅ ያ መሐረብ ነው።

ከመርዶው በኋላ ሳልቆይ በበቅሎ እስቴ ወረድኩ። ለቅሶ ቤቱ ደጅ ድንኳን ተተክሏል። ሚስቱ፣ ጋሽ ዘለቀ ያገባት እኔ ከመካነ ኢየሱስ ከለቀቅሁ በኋላ ስለሆነ፣ አታውቀኝም ነበር፤ ስሜን ስነግራት ግን ፊቷ ፈካ። «ሐኪሙ ነህ! እጁ ንጹሕ የሆነ ሐኪም ነበረን ይለኝ ነበር» አለችኝ። ጣሳው ከበሩ ጀርባ ካስማ ላይ ተሰቅሏል። ንፍሮ ተሰጠኝ፤ አልወረደልኝም።

ከሽማግሌዎቹ መካከል አንዱ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ሰይድ ነው። ሸብቷል። ከጎኑ አስቀመጠኝ። ዘይነባ ከዚያ ወዲያ እንዳልወለደች፣ እሱም ከጋሽ ዘለቀ ጋር ለዓመታት ሳይነጋገር ኖሮ ባለፈው ክረምት እንደታረቁ ነገረኝ።

«ታመመና ልጠይቀው ሄድኩ» አለ። «ይቅር አልኩህ አልኩት። እሱ ግን ‹እግዜር ይስጥልኝ› ብሎ ዝም አለ። ነገር ያለው ሰው ዝምታ ነው የመሰለኝ፤ ከልቤ አልወጣም። እርስዎ እዚያው ነበሩ። በአላህ ይዤዎታለሁ፤ ያን ቀን እውነት ሳይፈትሻት ነው የተነሣው?»

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ይንሾካሾካል። አሁንም ባልመልስለት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ የሚያውቀው ዓርብ ተቀብሯል።

«ጠይቆኝ ነበር» አልኩት። «አልነካኋትም ብዬ ዋሸሁት። ተልባውን አጥቤ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቋጠሮውንም ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ልጁ እዚያው መንገድ ላይ ነው ያረፈው፤ አለ እያልኩ የዋሸሁህም እኔ ነኝ።»

ሰይድ ፊቴን አየኝ። ከዚያ ቅድም የጨበጡኝን ሁለት እጆቹን አንሥቶ ተመለከታቸው፤ አንዱን በጋቢው ጠረገ፤ ሌላውንም ጠረገ፤ ተነሥቶም ሌላ ቦታ ሄዶ ተቀመጠ።